ብሉይ ኪዳን መጀመሪያ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው?



ይህን ጥያቄ በውስጥ መስመር ስትልኩልኝ ቆይታችኋል። አብሮት የሚመጣው መልስ ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዶቻችሁ «ከዳር እስከ ዳር በዕብራይስጥ ነው፣ አለቀ» ትላላችሁ። ሌሎች «የለም፣ መጀመሪያ በግዕዝ ነበር፤ ፈረንጆች ናቸው የደበቁት» ትላላችሁ። «ሁሉም ከግሪክ ነው የመጣው» የሚልም አለ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ተማሪዬ የጻፈችልኝ ከበድ አለኝ። «ቲቸር፣ በግዕዝ ካልተጻፈ እኛ የምናነበው የሰው ነገር ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ይህን በአንድ መስመር መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ብሉይ ኪዳን (አይሁድ 24፣ ፕሮቴስታንቶች ያንኑ በሌላ አቆጣጠር 39 የሚሏቸው መጻሕፍት) አብዛኛው የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው። ጥቂቱ ግን በአራማይክ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የሶርያ ቋንቋ» ተብሎ የምታገኙት ማለት ነው። ከ23 ሺህ ገደማ ቁጥሮች ውስጥ ወደ 270 የሚሆኑት አራማይክ ናቸው፤ ከመቶ አንድ አለፍ ቢል ነው። ትንሽ ነው አይደል? ግን ይህች ትንሽ ክፍል የገባችበትን ምክንያት ስትከተሉ የአንድ ሕዝብ ሙሉ ታሪክ ይወጣላችኋል።

1. ዕብራይስጥ ራሱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ አንድ የሚገርም ነገር። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ቋንቋው «ዕብራይስጥ» ተብሎ የተጠራበት አንድም ቦታ የለም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 19 ላይ «የከነዓን ቋንቋ» ይባላል። በሌላ ቦታ ደግሞ «የአይሁድ ቋንቋ» ይባላል። «የከነዓን ቋንቋ» መባሉ ትክክል ነው፤ ዕብራይስጥ ከጎረቤቶቹ ከፊንቄና ከሞዓብ ቋንቋዎች ጋር እጅግ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በዛሬዋ ዮርዳኖስ የተገኘውና አሁን በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለው የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ሐውልት ለዚህ ምስክር ነው። ሞሳ በነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 3 የተጠቀሰው፣ በእስራኤል ላይ ያመፀው ንጉሥ ነው። በድንጋዩ ላይ እስራኤልን እንዴት እንዳሸነፈ ይፎክራል። ፉከራውን ግን ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ብዙ ሳይቸገር ያነበዋል። ጠላታሞቹ እርስ በርስ ይግባቡ ነበር ማለት ነው።

መቀራረብ ግን ሰላም አያመጣም። መሳፍንት ምዕራፍ 12ን አስታውሱ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ አንድ ቃል እንዲናገር ይጠይቁ ነበር፤ «ሺቦሌት» በል። ኤፍሬማዊ ከሆነ ምላሱ «ሲቦሌት» ይላል፤ እዚያው ይታረዳል። መጽሐፉ የሟቾቹን ቁጥር 42 ሺህ ያደርሰዋል። ቃሉ ምን ማለት መሰላችሁ? የእህል ዛላ ማለት ነው። እኛ «ሰብል» የምንለው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አንድ አባት ያላቸው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በ«ሺ» እና በ«ሲ» መካከል ባለ ልዩነት ተራረዱ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ልጆቹ ዝም ይሉ ነበር። ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

2. አራማይክ እንዴት ገባ?

አራማውያን በዛሬዋ ሶርያ አካባቢ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። የአሦር መንግሥት አሸንፎ በየአገሩ በተናቸው። ቋንቋቸው ግን አሸናፊውን አሸነፈው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአሦር ጽሕፈት በጭቃ ሰሌዳ ላይ በሽብልቅ ቅርጽ የሚጻፍ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ምልክቶች ያሉት ነበር። አራማይክ 22 ፊደል ብቻ ነው፤ በቀለምና በብዕር በብራና ላይ ይጻፋል። ግብር ለሚሰበስብና ደብዳቤ ለሚልክ መንግሥት የቱ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) በ701 የሆነውን ተመልከቱ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። ሹሙ ራፋስቂስ ኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ እጃችሁን ስጡ ይላል። የሚናገረው በሕዝቡ ቋንቋ ነው። የንጉሥ ሕዝቅያስ ሹማምንት ደነገጡ። እባክህ በሶርያ ቋንቋ አነጋግረን፣ እኛ እንሰማለን፣ በቅጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ እንዲሰማ በአይሁድ ቋንቋ አትናገር ብለው ለመኑት። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ በሕዝቡ ቋንቋ ጮኸ። ወታደሩን ማስፈራራት ነው የፈለገው። (ታሪኩ ነገሥት ካልዕ 18 ላይ አለ።)

ከዚህ የምንማረው፣ በዚያን ጊዜ አራማይክ የሹማምንትና የዲፕሎማቶች ቋንቋ እንደነበረ ነው። ተራው ሰው አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ግን ኢየሩሳሌም በባቢሎን እጅ ወደቀች፤ ሕዝቡ ተማረከ። በ539 ቅ.ል.ክ. የፋርሱ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ። ፋርሶች ደግሞ አራማይክን ከግብፅ እስከ ምሥራቅ ጫፍ ድረስ የቢሮ ቋንቋቸው አደረጉት። ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች የመጡት ይህንን ቋንቋ ለምደው ነው።

ነህምያ ሲመለስ ያየውን አስታውሱ። ከአዛጦን ሴቶች የተወለዱት ልጆች እኩሌቶቹ በእናቶቻቸው አገር ቋንቋ ይናገራሉ እንጂ የአይሁድን ቋንቋ አያውቁም። ነህምያ እንዴት ተቆጣ መሰላችሁ! ረገማቸው፣ መታቸው፣ ጠጉራቸውን ነጨ። ምዕራፍ 13 ላይ ሰውየው ራሱ ነው የሚተርከው። ልጁ በቤቱ ቋንቋ መልስ አልሰጥ ያለው፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያለ ወላጅ የነህምያ ንዴት ይገባዋል፤ ጠጉር መንጨቱን ባይደግፍም።

ቋንቋ እየተዳከመ መጽሐፉ ቢቀር ምን ይደረጋል? ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ዕዝራ ሕጉን በአደባባይ ሲያነብ ሌዋውያን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። የኋላ ዘመን የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ማስረዳት ወደ አራማይክ መተርጎም ነው ብለው ይረዱታል። ዕብራይስጡን ማንበብ፣ ከዚያ በአራማይክ መተርጎም በምኩራብ ሥርዓት ሆኖ ቀረ፤ «ታርጉም» ይባላል። የኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የኛ ሊቃውንት በግዕዝ አንብበው በአማርኛ አንድምታ ሲተረጉሙ የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነገር ነው። «ተረጎመ» የሚለው ግሣችንም «ታርጉም» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

3. አራማይኩ የት የት አለ?

አራት ቦታ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ዘፍጥረት 31፣ ሁለት ቃል ብቻ። ያዕቆብና አማቱ ላባ ተጣልተው ሲታረቁ ድንጋይ ከመሩ፣ ቃል ኪዳን ገቡ። ላባ አራማዊ ነውና ክምሩን «ይጋር ሠሀዱታ» አለው፤ ያዕቆብ «ገለዓድ» አለው። ሁለቱም «የምስክር ክምር» ማለት ነው። «ሠሀዱታ» ውስጥ ያለው ሥር ሙስሊም ወዳጆቼ «ሸሃዳ» ሲሉ የሚጠሩት ነው፤ ምስክርነት። አንድ ውል፣ ሁለት ወገን፣ ሁለት ስም። ጸሐፊው የላባን ቃል ወደ ራሱ ቋንቋ ሳይለውጥ እንዳለ ተወው።

ሁለተኛ፣ ኤርምያስ 10፥11፣ አንድ ቁጥር ብቻ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ዕብራይስጥ ሆኖ መሀል ላይ አንድ የአራማይክ ዓረፍተ ነገር ገባ። መልእክቱ ሰማይንና ምድርን ያልፈጠሩ አማልክት ይጠፋሉ የሚል ነው። እንዲነገር የታዘዘው ለአሕዛብ ስለሆነ እነሱ በሚሰሙት ቋንቋ ተቀመጠ። ይባስ ብሎ በዚችው በአንዲት ቁጥር ውስጥ «ምድር» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ በሁለት አጻጻፍ መጥቷል፤ አንድ ጊዜ «አርቃ»፣ አንድ ጊዜ «አርዓ»። የመጀመሪያው የድሮው አጻጻፍ ነው፣ ሁለተኛው የኋለኛው። ገልባጮቹ ለዘመናት ሁለቱን አንድ ላድርግ ሳይሉ እንዳገኙት አስተላለፉት።

ሦስተኛ፣ ዕዝራ ከ4፥8 እስከ 6፥18፣ እንደገና 7፥12-26። እዚህ ያለው በአብዛኛው የቢሮ ወረቀት ነው። ክስ፣ ለንጉሡ የተላከ ደብዳቤ፣ ከንጉሡ የመጣ መልስ፣ መዝገብ ቤት ተፈልጎ የተገኘ የቂሮስ ትእዛዝ፣ የአርጤክስስ የፈቃድ ደብዳቤ። መቅደሱ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር ያለቀው በእነዚህ ወረቀቶች ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይዞ የተንከራተተ ሐበሻ ይህን ክፍል ሲያነብ የራሱን ታሪክ ያያል።

ደብዳቤዎቹ የዘመኑን መልክ የያዙ መሆናቸውን ከመጽሐፉ ውጭ እናውቃለን። በግብፅ አስዋን አጠገብ፣ በዓባይ ወንዝ መካከል ባለችው በኤለፋንቲን ደሴት ለፋርስ የሚዋጉ የአይሁድ ወታደሮች ሰፍረው ነበር። የራሳቸው መቅደስም ነበራቸው፤ በ410 ቅ.ል.ክ. ፈረሰባቸው። በ407 ለይሁዳ ገዥ መቅደሳችንን እንድንሠራ እርዱን የሚል አቤቱታ ጻፉ። ፓፒረሱ ዛሬም አለ። የተጻፈው በአራማይክ ነው፤ አገባቡም የዕዝራን መጽሐፍ ደብዳቤዎች ይመስላል።

አራተኛ፣ ዳንኤል ከ2፥4 እስከ ምዕራፍ 7 መጨረሻ። ይህ ትልቁ ነው። መጽሐፉ በዕብራይስጥ ይጀምራል። ምዕራፍ 2 ላይ ከለዳውያን ለንጉሡ መልስ ሲሰጡ ወደ አራማይክ ይቀየራል። የእነሱ ንግግር ካለቀ በኋላም አይመለስም፤ እስከ ምዕራፍ 7 ይቀጥላል። ምዕራፍ 8 ላይ እንደገና ዕብራይስጥ። የአራማይኩ ክፍል በራሱ የተሟላ ቅርጽ አለው፤ 2 እና 7 ስለ አራት መንግሥታት፣ 3 እና 6 ከእሳትና ከአንበሳ ስለመዳን፣ 4 እና 5 ስለተዋረዱ ነገሥታት። የአሕዛብ ነገሥታት ታሪክ በአሕዛብ ነገሥታት ቋንቋ ተነገረ።

በብልጣሶር ግብዣ ላይ በግድግዳ የተጻፈው ጽሑፍም አራማይክ ነው። «ማኔ፣ ቴቄል፣ ፋሬስ» የምንላቸው። እነዚህ ቃላት የገንዘብና የሚዛን ስሞች ናቸው፤ ምናን፣ ሰቅል፣ ግማሽ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1886 ያመለከተው ፈረንሳዊው ክሌርሞን-ጋኖ ነው። ዳንኤል ግን ስሞቹን እንደ ግሥ አነበባቸው፤ ተቆጠረ፣ ተመዘነ፣ ተከፈለ። የመጨረሻው ቃል ላይ ደግሞ «ፋርስ» የሚለው ስም ተደብቋል። ቅኔ ነው! ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ቴቄል» በዕብራይስጥ «ሼቄል» ነው፤ በአራማይክ «ተ» የሆነው በዕብራይስጥ «ሸ» ይሆናል። በግዕዝ ደግሞ ዘመዱ «ሰቀለ» ነው፤ ሚዛን ድሮ የሚመዘነው ተሰቅሎ አይደል?

4. ፊደሉና አናባቢው

ዛሬ የምናውቀው ባለ አራት ማዕዘን የዕብራይስጥ ፊደል መነሻው አራማይክ ነው። የድሮው ዕብራይስጥ በሌላ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በሰሊሆም ዋሻ ውስጥ የተገኘው ጽሑፍ የተቀረጸው በዚያ ነው። ሳምራውያን ዛሬም የዚያን ፊደል ልጅ ይጠቀማሉ። የአይሁድ ትውፊት ለውጡን ለዕዝራ ይሰጠዋል። ስለዚህ ቋንቋው ዕብራይስጥ ቢሆንም ልብሱ አራማዊ ነው።

በድሮው ፊደል ከተጻፉት አንዱ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከአንድ የመቃብር ዋሻ ሁለት የብር ጥቅሎች ተገኙ። ትናንሽ ናቸው፤ እንደ ክታብ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ። በስንት ጥንቃቄ ሲዘረጉ በውስጣቸው በኦሪት ዘኍልቍ 6 ያለው የካህናት ቡራኬ ቃል ተቀርጾ ተገኘ። ዕድሜያቸው በምርኮው ዘመን አካባቢ ነው። ከሙት ባሕር ጥቅሎች በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። አንድ ሰው ያንን ቡራኬ አንገቱ ላይ አስሮ ነው የተቀበረው።

አናባቢውስ? የጥንት ዕብራይስጥና አራማይክ ተነባቢ ፊደል ብቻ ነው የሚጽፉት። ግዕዝም በመጀመሪያ እንዲሁ ነበር፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የምንለው የመጣው በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በኢዛና ጊዜ ነው። አይሁድ ግን አናባቢውን በአፍ ይዘው ለብዙ ዘመን ቆዩ። ከ6ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ማሶሬቶች የሚባሉት ሊቃውንት፣ በተለይ በጥብርያዶስ ያሉት፣ ነጥብና ጭረት ፈጥረው ንባቡን አሰሩት። የዚህ ሥራ ሙሉ ቅጂ፣ በ1008 የተጻፈው፣ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ይገኛል።

አናባቢ አለመጻፉ ምን ያመጣል? አንድ ምሳሌ። ዘፍጥረት 47 መጨረሻ ላይ ያዕቆብ ሰገደ ይላል። የት ላይ? ቃሉ በተነባቢ ብቻ «ም-ጥ-ህ» ነው። «ሚጣህ» ካላችሁት አልጋ ነው፤ «ማጤህ» ካላችሁት በትር። ማሶሬቶች አልጋ ብለው አነበቡ። ከእነሱ በብዙ መቶ ዓመት የቀደሙት የግሪክ ተርጓሚዎች በትር ብለው ነበር። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም ምዕራፍ 11 ላይ የግሪኩን ተከትሎ በትር አለ። ማንም ማንንም አላታለለም። ፊደሉ ሁለቱንም ይፈቅዳል።

ከ1947 ጀምሮ የተገኙት የሙት ባሕር ጥቅሎች ሲወጡ ብዙ ሰው ጉድ ይፈላል ብሎ ነበር። በ11 ዋሻዎች ከ900 በላይ ቅጂዎች ተገኙ፤ ዕብራይስጥ፣ አራማይክ፣ ጥቂት ግሪክ። የዳንኤል ቅጂ ብቻ ስምንት ነው። የቋንቋው መሸጋገሪያ በተረፈባቸው ላይ ስናይ፣ ዛሬ በምናውቀው ቦታ ላይ ነው የሚቀየረው። ከማሶሬቶች ከሺህ ዓመት በፊትም መጽሐፉ ባለ ሁለት ቋንቋ ነበር።

5. ታዲያ ግዕዝስ?

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልምጣ።

በ3ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. በእስክንድርያ ያሉ አይሁድ ኦሪቱን ወደ ግሪክ መተርጎም ጀመሩ፤ ሌሎቹም መጻሕፍት ተከተሉ። እኛ «የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም» የምንለው ነው። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚህ ግሪክ ነው፣ በአክሱም ዘመን። ስለዚህ ግዕዙ የመጀመሪያው አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ፈረንጅ የደበቀው ነገርም የለም። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እንኳ ኦሪታቸውን ለዘመናት ያነበቡት በዕብራይስጥ አልነበረም፤ በግዕዝ ነው። አይሁድነታቸውን በግዕዝ ጠብቀው ቆዩ።

ግዕዝ ያደረገው ነገር ግን ሌላ ማንም አላደረገውም። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። የተጻፈው በአራማይክ ነው፤ በሙት ባሕር አራተኛ ዋሻ 11 የአራማይክ ቅጂዎች ስብርባሪ ተገኝቷል። መጽሐፈ ኩፋሌ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ ከ10 በላይ ቅጂዎች ስብርባሪ እዚያው ተገኘ። ስብርባሪ ነው የምላችሁ፣ እፍኝ የማይሞላ ብጥስጣሽ። ሁለቱም መጻሕፍት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ ሆነው የተገኙት በዓለም ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው፣ በግዕዝ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያ ስብርባሪ ሲነበብ የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ የሚታወቀው ግዕዙን አጠገብ አስቀምጦ ነው። ስም የለሽ ገልባጮቻችን ፍየል ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በጧፍ ብርሃን ያቆዩት ማለት ነው። ስለዚህ «የሰው ነገር ነው ወይ?» ለሚለው መልሴ፣ የጠበቀው ሰው የራሱ አድርጎታል የሚል ነው።

ስለ ትርጉም አንድ የመጨረሻ ነገር። መጽሐፈ ሲራክ በዕብራይስጥ ነው የተጻፈው። የጸሐፊው የልጅ ልጅ ወደ ግብፅ ወርዶ፣ ከ132 ቅ.ል.ክ. በኋላ፣ ወደ ግሪክ መለሰው። በመቅድሙ ላይ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ በዕብራይስጥ የተባለ ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዞር ያው ጉልበት አይኖረውም ይላል። ሕጉና ነቢያቱም እንዲሁ ናቸው ብሎ ይጨምራል። ይህን እያወቀ ግን ሥራውን አልተወም። በስደት ያሉት ወገኖቹ የአያቱን ቋንቋ አይሰሙም ነበርና፣ እንቅልፉን አጥቶ ጨረሰው። ዕብራይስጡ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1896 ከካይሮ ምኩራብ ዕቃ ቤት ወረቀቶች መካከል ብቅ እስኪል ድረስ ዓለም ሲራክን ያወቀው በትርጉም ነው። የልጅ ልጁ ፍጹም ካልሆነ ይቅር ብሎ ቢተወው ኖሮ ምን እናነብ ነበር?

አስተያየትና ጥያቄ ያላችሁ በኮመንት ጻፉልኝ፤ ሳትሰዳደቡ ተከራከሩ። ግዕዝ የተማራችሁ፣ ከዕብራይስጥ ወይም ከዓረብኛ ጋር ዘመድ የሆነ ቃል የምታውቁ አንድ አንድ ቃል ጣሉልን። በእስራኤል ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ሲያወሩ የሰማችኋቸውንና ከአማርኛ ጋር የሚገጥሙትን ቃላት ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ቸር እንሰንብት።